ከቋሚው ጀርባ ማን አለ?

የኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ) ድራፍት፣ ቡድኖች ከኮሌጅ የሚወጡ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት፣ ቅዳሜ ማታ ያልቃል፤ እሑድ ጠዋት ለ32ቱም ቡድኖች እንደ ተማሪ ውጤት ተሰጥቷቸው ያድራል። ለአንዱ ኤ፣ ለሌላው ሲ ማይነስ። የተመረጡት ልጆች ከአዲሱ ቡድናቸው ጋር ገና አንድ ቀን ልምምድ አልሠሩም። ታዲያ ውጤቱ የሚለካው ምኑን ነው? አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው የቡድኑ ምርጫ ከተንታኙ የራሱ ዝርዝር ጋር መግጠም አለመግጠሙን ነው። ተንታኙ 40ኛ ላይ ያስቀመጠውን ተጫዋች 60ኛ ላይ ያገኘ ቡድን ጎበዝ ይባላል፤ 25ኛ ላይ የወሰደው ደግሞ ተጣደፈ ይባላል። ልጁ ከማን ኋላ እንደሚቆም፣ ተራው መቼ እንደሚደርስ፣ ከፊቱ ያለው ሰው ቢጎዳ ምን እንደሚሆን ግን የሚናገር የለም።

ዋሽንግተን ኮማንደርስን ምሳሌ አድርጌ ልሂድ። ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ እሑድ ጠዋት ፕሪሚየር ሊጉን ያየ ሐበሻ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ የሚያገኘው ቡድን ይኸው ነው፤ ደግሞም ስለ ምርጫና ስለ ተጠባባቂ ለመማር ከዚህ የተሻለ፣ ለደጋፊውም ከዚህ የባሰ ቡድን ማግኘት ይከብዳል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከእግር ኳስ ለመጣ ሰው መጀመሪያ ግር የሚለው ነገር አለ። እዚህ ወራጅ ቀጣና የለም። መጨረሻ የወጣ ቡድን ወደ ታች ሊወርድ ይቅርና ከኮሌጅ ከሚወጡት ተጫዋቾች ቀድሞ የሚመርጠው እሱ ነው፤ ሻምፒዮኑ 32ኛ ይሆናል። ይኸው ሰባት ዙር ይደገማል። በነጻ ዝውውር ብዙ ሰው ላጡ ቡድኖች የሚሰጠው የማካካሻ ምርጫ ተጨምሮበት በ2024 ጠቅላላው 257 ነበር። ተስፋ ቡድን የለም። በውሰት መላክ የለም። ከኖቬምበር መጀመሪያ በኋላ ቡድኖች ተጫዋች መለዋወጥም ይከለከላሉ። ስለዚህ በዲሴምበር የሚያስፈልግህ ሰው በአብዛኛው አስቀድሞ እጅህ ላይ መኖር አለበት።

አንድ ቁጥር ይያዝልኝ፦ 53። ቡድኖች ክረምቱን በ90 ሰው ይለማመዱና በኦገስት መጨረሻ ወደ 53 ይወርዳሉ። ከእያንዳንዱ ቡድን 37 ሰው፣ በ32 ሲባዛ 1,184 ሰው ከስብስብ ይወጣል ማለት ነው። አሁን ደግሞ ሌላ ስሌት። በድራፍት የተመረጠ ልጅ የመጀመሪያ ውሉ የ4 ዓመት ነው። በዓመት 7 ምርጫ በ4 ዓመት 28 ይመጣል፤ ከ53ቱ ከግማሽ በላይ። ሁሉም እንደማይሳካ የታወቀ ነው፤ በእኔ ግምት ከ28ቱ 18 ያህሉ ከተረፉ ቡድኑ ጤነኛ ነው። እነዚህ ልጆች ደግሞ ርካሽ ናቸው። በ2025 የጀማሪ ዝቅተኛው ደመወዝ 840,000 ዶላር ሲሆን የቡድኑ የደመወዝ ጣሪያ 279.2 ሚሊዮን ነበር። ኳርተርባኩ (ኳስ ወርዋሪውና የማጥቃቱ መሪ) ጄይደን ዳንኤልስ በ2024 2ኛ ሆኖ ሲመረጥ የፈረመው ውል ለ4 ዓመት ወደ 37.7 ሚሊዮን ነው፤ በዚያው ዓመት ዳላስ ለዳክ ፕሬስኮት በዓመት 60 ሚሊዮን ተስማማ። ልዩነቱ ሌላውን ስብስብ የሚገነባው ገንዘብ ነው።

እንግዲህ ተጠባባቂ የሚባለው ከዚህ የ28 ሰው ማሰሮ የሚቀዳ ነው። ዋሽንግተን ማሰሮው እንዴት እንደተሰበረ ያሳያል። ከ2020 እስከ 2023 በመጀመሪያ ዙር የመረጣቸው አራት ሰዎች እነዚህ ናቸው፦ ቼዝ ያንግ 2ኛ፣ ጀሚን ዴቪስ 19ኛ፣ ጃሃን ዶትሰን 16ኛ፣ ኢማኑኤል ፎርብስ 16ኛ። ከአራቱ አንዱም የመጀመሪያ ውሉን በቡድኑ አልጨረሰም። ያንግ በኦክቶበር 2023 ተሸጠ፣ ዶትሰን በኦገስት 2024 ለፊላደልፊያ ተሰጠ፣ ዴቪስ በዚያው ዓመት በኦክቶበር፣ ፎርብስ ደግሞ በኖቬምበር መጨረሻ ተሰናበቱ። ይህን ያደረጉት የቀድሞዎቹ ኃላፊዎች ብቻ አይደሉም፤ በ2024 የመጣው ዋና ሥራ አስኪያጅ አዳም ፒተርስም ከውርሱ ብዙውን ቆርጦ ጥሏል። ትክክል ነበር። ነገር ግን የተቆረጠው ሁሉ ከኋላው ክፍት ቦታ ይተዋል።

የፎርብስን ነገር ቀረብ ብሎ ማየት ያስተምራል። ኮርነርባክ ነው፤ ሥራው የተቃራኒን ኳስ ተቀባይ እግር በእግር መከታተል ነው። ሚሲሲፒ ስቴት ሳለ 6 ጊዜ ኳስ ጠልፎ እስከ ተችዳውን (ኳሱን ከተቃራኒ የመጨረሻ መስመር አሳልፎ ማስቆጠር) በመሮጥ የኮሌጆች ውድድር ከፍተኛ እርከን ክብረ ወሰን ይዟል። ግን ከድራፍቱ በፊት ሲመዘን 166 ፓውንድ ነበር፤ 75 ኪሎ ገደማ። ያኔ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ይገጥመው የነበረው የፊላደልፊያው ኳስ ተቀባይ ኤ ጄ ብራውን 226 ፓውንድ ነበር፣ ከ100 ኪሎ በላይ። በኦክቶበር 1 ቀን 2023 ብራውን በዋሽንግተን ላይ 9 ኳስ ይዞ 175 ያርድና 2 ተችዳውን አስመዘገበ፤ ፎርብስም በዚያ ጨዋታ ክፉኛ ተፈተነ። ተሰጥኦ ነበረው፣ ፍጥነትም ነበረው፤ ያልታሰበው እሑድ እሑድ ከፊቱ የሚቆመው ማን እንደሆነ ነው። ከእሱ ቀጥሎ 17ኛ ሆኖ ለኒው ኢንግላንድ የተመረጠውም ኮርነርባክ ነበር፣ ክርስቲያን ጎንዛሌዝ። በ2024 በሊጉ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋቾች ሁለተኛ ስብስብ ውስጥ ተመረጠ።

ይህን ሲሰሙ «እነዚያ ሰዎች ዓይን የላቸውም» ማለት ይቀላል። ግን ምጣኔ ሀብት አዋቂዎቹ ኬድ ማሲና ሪቻርድ ቴለር የብዙ ዓመት ድራፍት መርምረው ያገኙት ነገር ትሕትና ያስተምራል፦ አንድ ተጫዋች በዚያው የጨዋታ ቦታ ከእሱ ቀጥሎ ከተመረጠው የመሻል ዕድሉ 52 በመቶ ገደማ ነው። ሳንቲም ከመወርወር በጥቂቱ የተሻለ። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። አንድን ልጅ ለማግኘት ብዙ ምርጫ ከፍሎ ወደ ላይ መውጣት በአብዛኛው ያከስራል፤ ወደ ታች ወርዶ ብዙ ዕጣ መያዝ ይሻላል።

ታዲያ በ2024 ሁለተኛ ዙር ላይ የሆነውን እንይ። ዋሽንግተን 40ኛውን ምርጫ ይዞ ነበር፤ ያገኘው ተከላካዩን ሞንቴዝ ስዌትን ለቺካጎ ሰጥቶ ነው። 78ኛውና 152ኛው ደግሞ ኳርተርባኩን ሳም ሃውልን ለሲያትል ሲሸጥ የመጡ ናቸው። ሦስቱን ለፊላደልፊያ ሰጥቶ 50ኛ፣ 53ኛና 161ኛ ተቀበለ። በ1990ዎቹ የዳላስ አሰልጣኝ የነበረው ጂሚ ጆንሰን የተጠቀመበት የታወቀ የዋጋ ሠንጠረዥ አለ፤ 1ኛው ምርጫ 3,000 ነጥብ፣ 16ኛው 1,000፣ 32ኛው 590። በዚያ መሠረት 40ኛው 500፣ 78ኛው 200፣ 152ኛው 30 ገደማ ነው፤ ድምሩ 730። በሌላው ወገን 50ኛው 400፣ 53ኛው 370፣ 161ኛው 27 ገደማ፤ ወደ 797። በወረቀት ዋሽንግተን 67 ነጥብ አተረፈ፤ የአራተኛ ዙር ምርጫን ያህል።

ፊላደልፊያ በ40ኛው ኩፐር ዲጂንን ወሰደ። ዋሽንግተን በ50ኛው ማይክ ሴንሪስቲልን፣ በ53ኛው ታይት ኤንዱን (ኳስ የሚቀበልም፣ ተቃራኒን የሚገፋም ሰው) ቤን ሲኖትን ወሰደ። አሁን ውጤት ስጡ ብትባሉ መቼ ነው የምትሰጡት? በአራተኛው ሳምንት ከሆነ ዋሽንግተን አሸናፊ ነው፤ ሴንሪስቲል ከመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ጀምሮ ቋሚ ተሰላፊ ነበር፣ ዲጂን ግን በልምምድ ጊዜ ተጎድቶ ቆይቶ ገና ከአቮንቴ ማዶክስ ኋላ ወረፋ ይጠብቅ ነበር። በጃንዋሪ 18 ቀን 2025 ከሆነም ዋሽንግተን፤ ሴንሪስቲል በዲትሮይት ላይ ሁለት ኳስ ጠልፎ 45 ለ31 አሸንፈዋል። ከስምንት ቀን በኋላ ግን ፊላደልፊያ ዋሽንግተንን 55 ለ23 ቀጣ፤ ፌብሩዋሪ 9 ቀን ደግሞ ዲጂን በ22ኛ ዓመት ልደቱ በሱፐር ቦውሉ (በሊጉ የዋንጫ ፍጻሜ) የካንሳስ ሲቲውን ኳርተርባክ የማሆምስን ኳስ ጠልፎ 38 ያርድ ሮጦ አስቆጠረ። ሠንጠረዡ አልዋሸም፤ ሁለት ዕጣ ከአንድ ይሻላል የሚለውም አልተሻረም። የሚያየው ግን የምርጫውን ዋጋ ብቻ ነው፣ የተጫዋቹን አያይም። ሲኖትንም «ከሰረ» ለማለት ከመቸኮል በፊት ከፊቱ ማን እንደነበር መጠየቅ ነው። ዛክ ኧርትዝ ኳስ ይቀበል ነበር፣ ጆን ቤትስ ተቃራኒን ይገፋ ነበር፤ ለሦስተኛው ሰው የሚተርፍ ደቂቃ ጥቂት ነበር። ጥያቄው በሁለት ዓመት ውስጥ ከሁለቱ የአንዱን ሥራ መውሰድ ይችላል ወይ የሚለው ነው።

የተጠባባቂን ጥልቀት ለመመዘን የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። በየጨዋታ ቦታው ቋሚውን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን በአግድም ጻፉ፤ ከየስሙ አጠገብ ዕድሜና ውሉ የሚያልቅበት ዓመት። ከዚያ በኋላ የቋሚዎቹን ዓምድ በእጃችሁ ሸፍኑት። የሚታያችሁ በዲሴምበር የሚጫወተው ቡድን ነው። 53ቱ ብዙውን ጊዜ 25 ለማጥቃት፣ 25 ለመከላከል፣ 3 ለምትና ለኳስ ማቀበል ይከፈላሉ። ግን «ቋሚ» የሚለው ቃል ያሳስታል። ተከላካዮች ከግማሽ በላዩን ጊዜ የሚሰለፉት በአምስት የኋላ ሰው ስለሆነ ሦስተኛው ኮርነርባክ በተግባር ቋሚ ነው። የፊት መስመር ተከላካዮች ደግሞ በአንድ ግጥሚያ ውስጥ በየጊዜው ይቀያየራሉ፤ እዚያ ስድስተኛው ሰው እንኳ ሩብ ያህሉን ይጫወታል። ሁለተኛው ኳርተርባክ በአንጻሩ ዓመቱን ሙሉ አንድ ኳስ ሳይነካ ሊከርም ይችላል፣ ወይም የውድድር ዘመኑን ይሸከማል። ስለዚህ የሁሉም ቦታ ጥልቀት በአንድ ሚዛን አይመዘንም።

የጨዋታ ቀን ስሌትም አለ። ከልምምድ ቡድኑ (ከ53ቱ ውጭ አብረው እየተለማመዱ ከሚጠብቁት) 2 ሰው ማሳደግ ይቻላል፤ አንድ ሰው ግን በመደበኛው ውድድር ከ3 ጊዜ በላይ እንዲህ አይነሳም። 55 ሆኑ። ማልያ የሚለብሱት 48 ናቸው፤ ያውም ከእነሱ 8ቱ የማጥቃት መስመር ሰዎች ከሆኑ ነው፣ ካልሆኑ 47። ስለዚህ 5ኛ ወይም 6ኛ ኳስ ተቀባይ የሆነ ጀማሪ እሑድ ማልያ ለመልበስ በምት ቡድኖቹ ውስጥ ሥራ ሊኖረው ይገባል፦ ኳስ ሲመታ፣ ሲመለስ፣ ፐንት ሲደረግ (ኳሱ ርቆ ተመትቶ ለተቃራኒ ሲለቀቅ)። በ5ኛውና በ6ኛው ዙር እንደ ጆርዳን ማጊና ኬን መድራኖ ያሉ ፈጣን ላይንባከሮች (ከፊት መስመሩ ኋላ የሚቆሙ ተከላካዮች) የሚመረጡት በአብዛኛው ለዚህ ነው። በኦገስት የዝግጅት ጨዋታ ሦስተኛው ሩብ ላይ ቻናል ከመቀየር ፐንት ሲደረግ መጀመሪያ ታች የሚደርሰው ማን እንደሆነ ማየት ይሻላል። ከተቆረጠ ደግሞ «የልምምድ ቡድን ውስጥ እንደብቀዋለን» ማለት ቁማር ነው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ሌላ ቡድን ሊወስደው ይችላል።

ወደ ኳርተርባክ እንመለስ፤ ዋሽንግተን እዚህ ላይ የቆየ ታሪክ አለው። በ2012 ሮበርት ግሪፊንን 2ኛ አድርጎ ለመምረጥ 6ኛውንና 39ኛውን፣ እንዲሁም የ2013ንና የ2014ን የመጀመሪያ ዙር ለራምስ ቡድን ሰጠ። በዚያው ድራፍት 102ኛ ላይ ሌላ ኳርተርባክ መረጠ፣ ከርክ ከዝንስን። ሳቅና ቁጣ ሆነ፤ ያን ሁሉ ከፍለህ ሁለተኛ ኳርተርባክ? ዲሴምበር 9 ግሪፊን በባልቲሞር ላይ ጉልበቱን ተጎዳ። ከዝንስ ገብቶ ተችዳውን ወረወረ፣ ከተችዳውን በኋላ የሚሞከረውን ሁለት ነጥብ ራሱ ሮጦ አስገባ፣ ቡድኑ በተጨማሪ ሰዓት 31 ለ28 አሸነፈ። በሳምንቱ ክሊቭላንድ ላይ ቋሚ ሆኖ 38 ለ21። ያ ዓመት በ10 ድልና በ6 ሽንፈት አልቆ የምድቡ ዋንጫ መጣ። አራተኛ ዙር ላይ የወጣው ያ ምርጫ በእኔ ዓይን ከግሪፊኑ ምርጫ ይበልጣል።

የተቃራኒው ምሳሌ ሳን ፍራንሲስኮ ነው። በጃንዋሪ 29 ቀን 2023 በፊላደልፊያ፣ በ2022 ድራፍት መጨረሻ 262ኛ ሆኖ የተመረጠው ብሮክ ፐርዲ ክርኑ ተጎዳ፤ ተተኪው ጆሽ ጆንሰን ራሱን ተመትቶ ወጣ፤ መወርወር የማይችለው ፐርዲ ተመልሶ ቆመ፤ 31 ለ7 አለቀ። ሊጉ በዚያው ዓመት ከ48ቱ ውጭ የአደጋ ጊዜ ሦስተኛ ኳርተርባክ ፈቀደ።

2025 በዋሽንግተን ላይ የሆነው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ኖቬምበር 2 ቀን ከሲያትል ጋር፣ በአራተኛው ሩብ በ31 ነጥብ እየተመሩ፣ ዳንኤልስ ገና ሜዳ ላይ ነበር። አንድ ዓይና ባፈር አይጫወትም ይባላል፤ የግራ ክርኑ ወለቀ። በዚያው ጨዋታ ኳስ ተቀባዩ ሉክ ማካፍሪ የአንገት አጥንቱ ተሰበረ፣ ኮርነርባኩ ማርሾን ላቲሞር የጉልበት ጅማቱ ተበጠሰ። ተተኪው ማርከስ ማሪዮታ በነጻ ዝውውር የመጣ ነባር ተጫዋች ነው፤ እሱም ሲጎዳ በገና ዕለት ዳላስን የገጠመው የ39 ዓመቱ ጆሽ ጆንሰን ሆነ፤ ያው የሳን ፍራንሲስኮው ጆንሰን። በ2024 12 አሸንፎ 5 የተሸነፈው ቡድን በ2025 5 አሸንፎ 12 ተሸንፎ ጨረሰ።

ብዙ ሰው «የጉዳት ዕድል ነው» አለ። ጉዳትስ ለሁሉም ይደርሳል። የዋሽንግተን ችግር ከኋላ የቆመው ሰው ዕድሜ ነበር። በ2025 ሦስተኛና አራተኛ ዓመታቸውን ይዘው ተጠባባቂ መሆን የነበረባቸው የ2022ና የ2023 ልጆች አብዛኞቹ ሄደዋል፤ ቦታው በአንድ ዓመት ውል በነባሮች ተሞላ። ቮን ሚለር 36፣ ቦቢ ዋግነር 35፣ ኧርትዝ 34 ሆነው ዓመቱን ጀመሩ። የ30 ዓመቱ ኦስቲን ኤከለር በሁለተኛው ጨዋታ የተረከዝ ጅማቱ ተበጠሰ፤ ኧርትዝ በዲሴምበር ጉልበቱ። እነዚህ ሰዎች ጎበዞች ናቸው፣ ግን ጎበዝ ነባር ሲጎዳ ተተኪው ሌላ ነባር ከሆነ ነገሩ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

የሠራ ነገርም አለ፣ ሳይነገር የሚታለፍ። የማጥቃት መስመሩን እዩ። በ2025 ላረሚ ተንሲል ከሂዩስተን መጣና የግራ ታክል (የመስመሩ የዳር ሰው) ሆነ፤ በ29ኛ ምርጫ የመጣው ጆሽ ኮነርሊ በኮሌጅ የግራ ሰው ቢሆንም ወደ ቀኝ ዞረ። የቀኙ ቋሚ አንድሩ ዋይሊ ደግሞ በአንዴ የሊጉ ጥሩ ተጠባባቂ ሆነ። አንድ ምርጫ ሁለት ቦታ ሞላ ማለት ነው፤ የጠዋቱ ውጤት ይህን አይቆጥርም። በግራ ጋርድ (ከታክሉ ቀጥሎ ባለው ቦታ) በ2024 ሦስተኛ ዙር የመጣው ብራንደን ኮልማን ሲቸገር እሱን የተካው ክሪስ ፖል ነው፤ በ2022 በ7ኛው ዙር 230ኛ። አራተኛ ዓመቱ። ከዚያ ዓመት ድራፍት ቀድመውት የተመረጡት ብዙዎቹ ሲበተኑ እሱ ወረፋውን ጠብቆ ቦታውን ያዘ። በ245ኛ የተመረጠው ሯጭ ጃኮሪ ክሮስኪ ሜሪትም ለዚህ ይጠቀሳል፤ በኦገስት ብራያን ሮቢንሰንን ለሳን ፍራንሲስኮ ለመስጠት ያደፋፈራቸው እሱ ነው።

የተንሲል ዋጋ ግን ገና ተከፍሎ አላለቀም። የ2025 ሦስተኛና ሰባተኛ ዙር ሄዷል፤ የ2026 ሁለተኛና አራተኛ ዙርም። ለላቲሞር ደግሞ የ2025 ሦስተኛ፣ አራተኛና ስድስተኛ ዙር። በ2025 የመረጡት 5 ሰው ብቻ ነበር። በዚያ ላይ በነጻ ዝውውር ነባር ሲገዛ የማካካሻ ምርጫ ይቀንሳል፤ ተቆርጦ የሄደ ሰው ደግሞ ማካካሻ አያስገኝም። እስከ ሜይ 2027 መጀመሪያ ድረስ የዳንኤልስ ውል በአምስተኛ ዓመት መራዘም አለመራዘሙ ይወሰናል፤ ከዚያ በኋላ ርካሽ ኳርተርባክ የለም። በዚያ ጊዜ ሦስተኛ ዓመታቸውን የሚይዙት የ2025 አምስቱ ልጆች ናቸው፤ ከኋላቸው ደግሞ ሁለተኛ ዙር የሌለው 2026። ወረቀቱ ላይ በ2027 ዓምድ ሥር እስካሁን የጻፍኩት ስም ከ20 አይበልጥም።